ናሙናው ድንኳን

ድንኳን ሰፊ ነኝ ስል ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ልብስ ሰፊ ያውቃል፣ ጫማ ሰፊ ያውቃል፤ ድንኳን ግን በየሰርጉና በየለቅሶው ከሥሩ ተቀምጦ እያደገ ማን እንደሰፋው ጠይቆ አያውቅም። እኛ ነን የምንሰፋው። ከአየር ጤና ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከጋራዦቹ ጀርባ፣ ወረዳው በሰጠን የቆርቆሮ ሼድ ውስጥ አሥር ሴቶች ሸራ እንቆርጣለን፣ እንሰፋለን፣ የእድሮችን አሮጌ ድንኳን እንጠግናለን። እኔ የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ የሆንኩት ጽሕፈቴ አምሮ ሳይሆን፣ ከወረዳ ሰው ጋር ለመከራከር የማላፍረው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው።

በዚያን ጊዜ የነበሩን ሁለት በእግር የሚረገጡ የስፌት መኪናዎች ብቻ ነበሩ። ለልብስ የተሠሩ ስለሆኑ ወፍራም ሸራ ሲገባላቸው መርፌያቸው ቀጭ ይላል። ስለዚህ ዋና ዋናውን መገጣጠሚያ የምንሰፋው በእጃችን፣ በጆንያ መስፊያ መርፌ ነበር። አንድ ድንኳን ወር ይፈጅብናል፤ ማሽን ያላቸው በሦስት ቀን ያወጡታል። በዚህ አካሄድ ከቀጠልን ሼዱ ለሌላ ማኅበር እንደሚሰጥብን በቃልም በደብዳቤም ተነግሮናል። አሥራችንም ብንሆን ከዚያ ሼድ ሌላ የምንሄድበት አልነበረንም።

መንግሥት ለየአካባቢው ማኅበራት የማይመለስ ድጋፍ ሊሰጥ ነው የሚለው ወሬ የመጣው ይሄኔ ነው። ብድር ቢሆን ዞር ብለን አናየውም ነበር። ይሄኛው ግን በዓይነት የሚሰጥ ነው፤ ወፍራም ሸራ የሚሰፋ መኪናና ለአንድ ዓመት የሚበቃ ሸራ ተገዝቶ ሼዳችን ድረስ ይመጣል። አመለከትን፤ የወረቀቱንም ማጣሪያ አለፍን። የቀረው የመስክ ማረጋገጫ የሚሉት ነው። ገምጋሚዎች መጥተው የሠራነውን ናሙና ተተክሎ ያያሉ፣ ውሃ አለማስገባቱን ያረጋግጣሉ፣ አሥሩም አባላት በአካል መኖራቸውን ይቆጥራሉ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ዕድሉ ለተጠባባቂ ያልፋል። ተጠባባቂዎቹ ሳንሱሲ ያሉ ዳቦ ጋጋሪዎች መሆናቸውን አጣርቼ ደርሼበታለሁ። አንድም ቀን አግኝቻቸው የማላውቃቸውን ሴቶች ጠምጄ ይዤ ነበር።

ማመልከቻውን የሞላሁት እኔ ነኝ። «ማኅበራችሁን ከሌሎች የሚለየው ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ነበረበት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብዬ ልጽፍ ስል ሁሉም ማኅበር ይህንኑ እንደሚጽፍ ገባኝና የክራችንን ነገር ጻፍኩ። የእኛ ድንኳን አሥር መገጣጠሚያ አለው፤ እያንዳንዳችን አንድ አንድ እንሰፋለን፤ ስንጨርስ ጫፉን የምንቋጨው በየራሳችን ቀለም ክር ነው። ነገ አንዱ ስፌት ቢያፈስ ባለቤቷ ወዲያው ትታወቃለች፤ ያለ ክፍያም ትጠግናለች። የእኔ ክር አረንጓዴ ነው። ወረዳ ያለው ሠራተኛ ይህን ሲያነብ «ይሄ ጥሩ ነው» ብሎ ከሥሩ አሰመረበት፤ እኔም ያን ቀን ጎረቤት እስኪሰለቸው ድረስ ተኩራርቻለሁ።

ሰማያዊው ክር የቆራጫችን ነው። እሷ ሸራ ላይ ጠመኔ ሳታሰምር በዓይኗ ለክታ የምትቆርጥ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የአልጋ ቁራኛ የሆነ ባሏን እያስታመመች አንድ ቀን ከሥራ ያልቀረች ሴት ናት። ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሠርተናል። እኔ እለፈልፋለሁ፣ እሷ ትሰማለች። ከሷ ጋር ተጣልቼ አላውቅም፤ ለጠብ ሁለት ሰው ያስፈልጋላ።

አሁን ስለ ሰሙ መናገር አለብኝ። ሸራ ሲሰፋ መርፌው ያለፈበት ሁሉ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ስፌቱ ካለቀ በኋላ ሰም አሙቀን በውስጥም በውጭም እናሸዋለን፣ ቀዳዳው ይደፈናል፤ ያልታሸ ስፌት ደረቅ ሲሆን ያምራል፣ ዝናብ ሲነካው ያፈሳል። ገምጋሚዎቹ ሐሙስ ሊመጡ ማክሰኞ ማታ ሰሙ የእኔ ስፌት ግማሽ ላይ አለቀብኝ። ያን ቀን ሙሉ የአሥር ሰው መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ሳስነሳና ማኅተም ሳስመታ ስሮጥ ነው የዋልኩት። ነገ አሸዋለሁ ብዬ ክሬን ቋጨሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለሴቶቹ ጨርሻለሁ አልኳቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን እኔ ለሌላው ነው የምተርተው።

ረቡዕ ገና ሳይነጋ የእድሩ ለፋፊ ጡሩምባውን እየነፋ በበራችን አለፈ። ጆሮዬን ጣል አድርጌ ሰማሁ፤ የሞተው የቆራጫችን ባል ነው። እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐዘን አልነበረም፤ አሥረኛዋ ሴት ነገ አትገኝም የሚል ነው። ሐዘኑ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ነጠላዬን ስፈልግ ነው፤ ያኔም ቢሆን ብቻውን አልመጣም።

ለቅሶ ቤት ከመድረሴ በፊት ናሙናውን ልየው ብዬ በሼዱ በኩል አለፍኩ። ገና ቁልፉን ስከፍት የእድሩ ሊቀመንበር ስልካቸውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው መጡ። ስልሳውን ያለፉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። የሚያወሩት ከለቅሶው ቤት ጋር ነበር፤ ስንት አግዳሚ እንደሚያስፈልግ ይጠይቃሉ። እኔን ሲያዩ «አንድ ጊዜ ቆዩኝ» አሉና ስልኩን ወደ ደረታቸው ዝቅ አደረጉት። ከዚያ የመጡበትን ነገሩኝ። እድሩ ሁለት ድንኳን አለው። አንዱ ጦር ኃይሎች አካባቢ ሌላ ለቅሶ ላይ ተተክሏል። ሁለተኛው ለጥገና ከገባ ወር አልፎታል፤ እዚሁ ሼዳችን ውስጥ ተቦጫጭቆ ተከምሯል፤ ናሙናውን ስናጣድፍ እሱን ወደ ጎን ብለነዋል። ስለዚህ አዲሱን ድንኳን ስጡን አሉ።

እምቢ አልኩ። እሺ ማለት አቅቶኝ ሳይሆን ሊቀመንበሩ ሲጠይቁኝ ዓይኔ የሄደው ያልታሸው ስፌት ላይ ስለነበረ ነው። ይህ ድንኳን ዛሬ ከሼዱ ከወጣ መቼ አሸዋለሁ? በፍርሃት ምትክ ቁጣ መጣልኝ፤ እኔ ስፈራ መቆጣት ነው የምወደው።

«ጋሼ፣ ይሄ የናሙና ዕቃ ነው፣ ነገ ይገመገማል» አልኳቸው። «ቢቀደድ ማን ይጠየቃል? ሸራ ወጥሩላቸው። የሞተው ሰውዬ እንደሆነ ከእንግዲህ ዝናብ አይፈራም፤ እኛ ነን ነገ ሜዳ ላይ የምንቀረው።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሊቀመንበሩ የሚያዩት እኔን ሳይሆን ከኋላዬ ያለውን የቆርቆሮ ግድግዳ ነበር። ዞር ስል የማኅበራችን ሰብሳቢ በሩ ላይ ቆመዋል። እሳቸው እናት የሚሆኑን ሴት ናቸው፤ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው ኮልፌ ውስጥ ሰባት ልጅ ያሳደጉ፤ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም። የድንኳኑን ገመድ ከመሬት አነሡ።

«እኛ ድንኳን ሰፍተን የገዛ እህታችን ቤት ሸራ ከተወጠረ» አሉኝ፣ «ነገ የሚሰጡን መኪና ምን ሊሰፋልን ነው?»

ከዚያ የእድሩ ወጣቶች ተጠሩ፤ ድንኳኑ ተጠቅልሎ ወጣ። እኔ ወደ ወረዳው ደወልኩ። ሐዘን ደርሶብናል፣ ሁለት ቀን አራዝሙልን አልኩ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ ክፉ አልነበረችም፤ እግዚአብሔር ያጥናችሁ ብላ ጀመረች። ግን መርሐ ግብሩ ወጥቷል፣ የመስክ መኪናው ለሐሙስ ተመድቧል፣ ሐሙስ ያልታየ ማኅበር ወደ ተጠባባቂ ይዞራል አለችኝ። ዳቦ ጋጋሪዎቹ ትዝ አሉኝ።

ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ተፈጸመ። አልቅሻለሁ፤ ሰውዬው ጥሩ ሰው ነበር፣ ሳይታመም በፊት ለሼዳችን በር የገጠመልን እሱ ነው። ነገር ግን ዓይኔ ከሣጥኑ ላይ እየተነሣ ደመናውን ያይ ነበር። ሰኔ ገብቷል። ከቀብር ስንመለስ ሰዉ ድንኳኑን ሞላው፤ እኔ ሰም ገዝቼ በቦርሳዬ ይዤ እየዞርኩ ነው። ሐዘንተኛ ፍራሽ ላይ በተቀመጠበት፣ ሽማግሌ ጋቢውን ተከናንቦ ባለበት፣ አግዳሚ ላይ ወጥቶ ጣሪያ የሚያሽ ሰው ማን ነው? እኔ እንኳን ይሄን አልደፈርኩም። ሰሙን በቦርሳዬ እንደያዝኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ገምጋሚዎቹ መጡ፤ ሁለት ናቸው። አንዱ ጠቆር ያለ፣ አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ሜትር በኪሱ የያዘ ሰውዬ ነው። ሌላዋ ታብሌት የታቀፈች ወጣት ናት። ባዶውን ሼድ አዩና ተያዩ። ሰውዬው ሰዓቱን አየ፤ በአምስት ሰዓት ተኩል ሌላ ቦታ መድረስ እንዳለባቸው ነገረን። ከዚያ ናሙናው የለም ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። እኔ ያዘጋጀሁት ረጅም ንግግር ነበረኝ። ሰብሳቢያችን ቀደሙኝ።

«አለ፤ ሥራ ላይ ነው» አሉት።

በእግር ወሰድነው። መንገድ ላይ የሆነውን አስረዳሁት፤ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ እንጂ አዎም አይደለምም አላለም። ልጅቷ ጭቃው ውስጥ ጫማዋን እየጠበቀች ከኋላ ትከተለናለች። ከእያንዳንዱ እርምጃ ጋር ደመናው ዝቅ ይላል። አምላኬ ሆይ ለአንድ ሰዓት ብቻ አቆየው እያልኩ ሄድኩ፤ በሕይወቴ እንዲህ አጥብቄ የለመንኩት ነገር ጥቂት ነው።

ድንኳኑ ደጃፍ ሲደርስ ሰውዬው ኮፍያውን አወለቀ። ያኔ ነው አንድ ነገር እንዳላሰብን የገባኝ። እኛም፣ እሱም፣ መርሐ ግብሩን ያወጡትም አላሰቡትም። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሜትር የሚዘረጋ የለም፤ ገብቶ ወዲያው የሚወጣም የለም። ሐዘንተኞቹን እግዚአብሔር ያጥናችሁ አለና የፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ ታብሌቷን በሻርፗ ሸፍና ሴቶቹ መሀል ገባች። ሻይ መጣ፣ ንፍሮ ዞረ። የሰውዬው እጅ አንድ ሁለት ጊዜ ወደ ሜትሩ ኪስ ሄደና ባዶውን ተመለሰ። ልጅቷ በሻርፗ ሥር ጣቷን እያጠፈች እኛን ስትቆጥር አየኋት። ዘጠኛችን አግዳሚ ላይ ነን። አሥረኛዋ ጥቁር ለብሳ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ማዶ ፍራሽ ላይ ናት። ከትናንት ጀምሮ ቀና ብላ ማንንም አላየችም።

ልጅቷ ቆጠራዋን ጨርሳ እጇን ስታሳርፍ ዝናቡ ወረደ።

ሸራ ላይ ዝናብ ሲወርድ ወሬ ሁሉ ይቆማል። ሰውዬው ቀና አለ። እስከዚያ ድረስ ለቀስተኛ ነበር፤ አሁን ፊቱ ተለወጠ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሆነ። ዓይኑ ከምሰሶው ጀምሮ ስፌቱን እየተከተለ ሄደ። እኔም አብሬው ሄድኩ። ቀዩ ደረቅ ነው። ቢጫው ደረቅ ነው። ነጩ፣ ቡናማው፣ ሰማያዊው ደረቅ ነው። አረንጓዴውን ፈለግሁት። የእድሩ ልጆች ድንኳኑን ሲተክሉ በየትኛው በኩል እንደሚያዞሩት ማን ያውቃል? የእኔ ስፌት ያረፈው ልክ ከፊተኛው አግዳሚ በላይ ነበር።

መጀመሪያ ሸራው ጠቆረ። ከዚያ ከአንዱ የመርፌ ቀዳዳ ውሃው ተጠራቀመና ጠብ አለ። የወደቀው ሰውዬው በተቀመጠበት አግዳሚ ላይ፣ በእሱና ከጎኑ ባሉ አንድ ሽማግሌ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ነው። አላየውም፤ ገና ሰማያዊው ላይ ነበር። ሁለተኛው ወረደ። ሦስተኛውም ወረደ። ማመልከቻው ላይ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ ስፌት ቢያፈስ ባለቤቷ በክሯ ትታወቃለች። የዘጠኝ ሴት እንጀራ በእኔ ስንፍና ሊሄድ ነው።

ቀና ስል ቆራጫችን ጣሪያውን እያየች ነው። ከሐዘኗ ውስጥ ምን እንዳስነሣት አላውቅም፤ ምናልባት ስድስት ዓመት የሠራችበት ጆሮ የጠብታውን ድምፅ ለይቶት ይሆናል። ዓይኗ ጠብታውን ተከትሎ ወጣ፣ አረንጓዴው ቋጠሮ ላይ ቆመ፣ ከዚያ ወደ እኔ ወረደ። ምንም አልተነበበበትም። ከፍራሹ ላይ ተነሣች።

ሴቶቹ ወዴት ነው፣ ተቀመጪ እንጂ እያሉ ነጠላዋን ያዟት። ቀስ ብላ አስለቀቀቻቸውና ድንኳኑን አቋርጣ መጣች። ሐዘንተኛ ሲመጣ ሰው ዞር ይላል፤ ሽማግሌው ተጠጉላት። በሰውዬው አጠገብ፣ ክፍት በነበረው ቦታ ተቀመጠች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። «ሳያውቁን ለመጡ።»

ሰውዬው ግማሽ ተነሣና ተመልሶ ተቀመጠ። ባልየውን ምን እንዳመመው ጠየቃት። መለሰችለት። ስለ ልጆቿ ጠየቃት፤ እሱንም መለሰችለት። በሕይወቷ ለማያውቀው ሰው ያን ያህል ስታወራ አይቻት አላውቅም። የሞተባት ሴት ስታናግረው ቀና ብሎ ጣሪያ የሚያይ ሰው የለም፤ አንገቱን ደፍቶ ይሰማታል። እሱም እንደዚያው አደረገ። ጠብታው ከላይ ይመጣና ትከሻዋ ላይ ያርፋል። አሁንም ያርፋል። ጥቁር ልብስ ውሃ አያሳይም።

ዝናቡ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘነበ። ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ ምስኪን፣ ሐዘኑ ፍራሹ ላይ አላስቀምጣት አለ ብላ ከንፈሯን መጠጠች። እኔ ተነሥቼ ቦታዋን መቀየር እችል ነበር። አንቺ ወደ ፍራሽሽ ሂጂ፣ እኔ እዚህ ልቀመጥ ማለት ምን ይከብዳል? አላደረግሁትም። የስፌት መኪናውን ፈለግሁት። እሷ እየበሰበሰች እኔ ደረቅ ቦታ ላይ ሆኜ ይለፍልን እያልኩ ስጸልይ ነበር፤ ይህን ከዚህ በፊት ለማንም አልተናገርኩም።

ሲያባራ ሰውዬው ተሰናብቶ ወጣ፣ እኔና ሰብሳቢያችን ሸኘነው። ሼዱ ደጃፍ ካቆሙት መኪና ሲደርስ ኮፍያውን አጠለቀ። ልክና ፎቶው ድንኳኑ ሲነሣ ሰኞ እንደሚያልቅ፣ ዋናው ግን ዛሬ መታየቱን ነገረን።

«ለናሙና ከዚህ የበለጠ ፈተና የለም» አለ። «በዚያ ዝናብ አንድ ጠብታ አላየሁም።»

ልጅቷ ታብሌቱን ዘረጋችልኝ። «ናሙናው ውሃ አያሳልፍም» ይላል፤ ከሥሩ የጸሐፊ ፊርማ። ከወረዳ ሰው ጋር ለመከራከር የማላፍረው እኔ ታብሌቱን ተቀበልኩ። ሰብሳቢያችን ጎኔ ቆመዋል፤ ስለ ስፌቱ አያውቁም፣ ፊታቸው በርቷል። በጣቴ ፈረምኩ። መስታወቱ በቀረው ካፊያ ረጥቦ ስለነበር ፊርማዬ አልሳል ብሎ ሁለቴ ደገምኩት።

ድጋፉ ጸደቀ። ሰኞ ሰውዬው መጥቶ ድንኳኑን ሼዱ ደጃፍ ላይ አስተክሎ ለካ፣ አሥራችንን ከፊቱ አቁሞ ፎቶ አነሣን። ክረምቱ ሳይወጣ የስፌት መኪናው ገባ፤ አሁን ይህን ስጽፍ ድምፁ ከማዶ ይሰማኛል። ሼዱም አልተወሰደብንም። የፈረምኩት ነገር ሰኞ ዕለት እውነት ሆኗል። ሐሙስ ዕለት ግን ውሸት ነበር፤ ይህን የምናውቀው እኔና እሷ ነን።

ከሰኞው በፊት ቅዳሜ ነበረ። ዓርብ ሠልስቱ ወጣ፣ ቅዳሜ ጠዋት ድንኳኑ ተነሥቶ ሼዱ ገባ። ከሰዓት በኋላ ማንም ሳይኖር ሰሙንና ትንሽ የከሰል ምድጃ ይዤ ሄድኩ። አረንጓዴውን ስፌት ፈልጌ፣ ሸራውን በሁለት አግዳሚ መሀል ወጥሬ፣ ሰሙን ማሞቅ ስጀምር በሩ ተንጓጓ። ቆራጫችን ናት። ሐዘንተኛ በአራተኛ ቀኑ ሥራ ቦታ አይመጣም፤ መጣች። ሰላምም አላለችኝ። ከተወጠረው ሸራ ማዶ ዞረችና እጇን ዘረጋች፤ ግማሹን ሰም ሰጠኋት። እንዲህ ዓይነቱ ስፌት የሚታሸው ለሁለት ነው። አንዷ ከውስጥ፣ አንዷ ከውጭ ሆነው በአንድ ቀዳዳ ላይ መዳፍ ለመዳፍ ይገፋፋሉ፤ አለበለዚያ ሰሙ አይጠልቅም። ሸራው በመካከላችን ስለነበር ፊቷን አላይም፤ የእጇን ሙቀት ግን አገኘዋለሁ።

ስንዝር ያህል አሸን። ዝምታ አልችልም። ትከሻሽን አበሰበስኩት፣ ይቅር በዪኝ አልኳት።

«ጥቁር ነው፤ ማንም አላየውም» አለች።

ይህ ሲቀለኝ የባሰው ታየኝ። ስለ ረቡዕ ጠዋት አታውቅም፤ አንድ ቀን ከሰው አፍ ትሰማዋለች፤ ከእኔ ትስማው ብዬ ቆረጥኩ። ሊቀመንበሩ ድንኳኑን ሊጠይቁ መጥተው ነበር ብዬ ጀመርኩ። ድምፄ እንደ ሌላ ጊዜው አልሆነልኝም። እኔ ግን ብዬ ሳልቀጥል አቋረጠችኝ።

«ሰምቻለሁ» አለችኝ።

እጄ ሸራው ላይ ቆመ። ሰብሳቢያችን ነግረዋት ይሆን? አይ፣ እሳቸው አያደርጉትም፤ ሊቀመንበሩ ናቸው፣ እሳቸውም አያደርጉትም። ማን ነገረሽ አልኳት።

«ማንም አልነገረኝም። ሊቀመንበሩን በስልክ ያናግራቸው የነበረው የባሌ ወንድም ነው፤ አጠገቡ ነበርኩ። ቆዩኝ ብለው ስልኩን አልዘጉትም።»

ያልኩትን ቃል በቃል አስታወስኩት። የሞተው ሰውዬ እንደሆነ ከእንግዲህ ዝናብ አይፈራም። ያን ጊዜ አስከሬኑ ገና ከቤት አልወጣም። ይህን ሰምታ ነው ሐሙስ ከፍራሿ ተነሥታ ከእኔ ስፌት ሥር የተቀመጠችው። 

ከሸራው ማዶ መዳፏ የእኔን መዳፍ ገፋ አደረገ።

«ግፊው» አለችኝ። «ሰሙ እየደረቀ ነው።»

ገፋሁት።